ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ስንፈተ ወሲብ ይድናል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። ዕድሜዬ 61 ሲሆን የምኖረው ከአዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከስድስት ወር በፊት በፕሮስቴት ካንሰር ምክንያት ዕጢው ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ወጥቶልኛል። እግዚአብሔር ይመስገን የደም ምርመራዬ ጥሩ ነው፤ ሽንቴንም መቋጠር ችያለሁ። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ብልቴ ቆሞ አያውቅም። ለሐኪሜ ልነግረው ሄጄ አፍሬ ተመለስኩ። ባለቤቴ የጠላኋት መስሏታል። አንድ ጎረቤቴ በትንሽ ፓኬት የታሸገ «የወንዶች ማር» አምጥቶልኛል። ልውሰደው? ወይስ ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ ተስፋ ለመቁረጥ ስድስት ወር በጣም አጭር ጊዜ ነው። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች እጅግ ቀጫጭን ሲሆኑ ከፕሮስቴት ዕጢው ግራና ቀኝ ተጣብቀው ያልፋሉ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ እነርሱን ሳይቆርጥ ዕጢውን ቢያወጣ እንኳ በሥራው መካከል መሳባቸውና መጎዳታቸው አይቀርም፤ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ የሚያገግመው በዝግታ ነው። ብዙውን ጊዜ ለውጡ የሚታየው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን ከዚያም በኋላ መሻሻል የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። የነርቮቹ መንገድ በትክክል ባልታወቀበት ዘመን ይህን ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወንድ ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ችሎታውን ያጣ ነበር። በ1982 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም ፓትሪክ ዋልሽ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ነርቮቹን ሆን ብሎ በማትረፍ ዕጢውን ካወጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል።

ለእርስዎ የሚሆነውን በትክክል ለመናገር ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እነርሱም ዕድሜዎ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረዎት ችሎታ፣ እንዲሁም ነርቮቹ በሁለቱም ጎን የተረፉ፣ በአንዱ ጎን ብቻ የተረፉ ወይም በየትኛውም ጎን ያልተረፉ መሆናቸው ነው። ሦስተኛውን የሚያውቀው ቀዶ ሐኪምዎ ስለሆነ በግልጽ ይጠይቁት። ካንሰሩ ወደ ነርቩ ተጠግቶ ከነበረና ሐኪሙ ነርቩን አብሮ አውጥቶት ከሆነ ሕይወትዎን ለማትረፍ ሲል ያደረገው ነውና ቅር አይሰኙበት። የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና ሲጋራም ማገገሙን ያዘገያሉ። ከቀዶ ሕክምናው በተጨማሪ የወንድ ሆርሞንን የሚቀንስ መርፌ ታዝዞልዎት ከሆነ ደግሞ ፍላጎቱ ራሱ ስለሚጠፋ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል።

እዚህ ላይ ሌሎች አንባቢዎችም ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። «ፕሮስቴት ተሠርቻለሁ» የሚሉ ብዙ አባቶች የተደረገላቸው ካንሰር ላልሆነ እብጠት የሚሠራው ቀዶ ሕክምና ሲሆን እርሱ የዕጢውን ውስጠኛ ክፍል ብቻ የሚያወጣ በመሆኑ ነርቮቹን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። በእነርሱ ላይ የሚታየው የተለመደ ለውጥ የዘር ፈሳሹ ወደ ፊኛ መመለሱ ነው። ስለዚህ የጎረቤትን ታሪክ ሰምቶ በራስ ላይ ከመፍረድ በፊት የመውጫ ወረቀትንና የናሙና ምርመራውን ውጤት ማንበብ ይገባል።

ብዙ ወንዶች ሳይነገራቸው የሚቀር፣ ነገር ግን የሚያጽናና እውነት አለ። የቆዳን ስሜት የሚያደርሰው ነርቭ በሌላ መንገድ የሚሄድ ስለሆነ ስሜቱም እርካታውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይቀጥላል፤ ብልት ሳይቆምም እርካታ ላይ መድረስ ይቻላል። የዘር ፈሳሽ ግን ከእንግዲህ አይወጣም፤ በተፈጥሮ መንገድ ልጅ መውለድም አይቻልም። በእርካታ ጊዜ ጥቂት ሽንት ቢያመልጥዎት አይደንግጡ፤ ባለቤትዎን አይጎዳም፣ አስቀድሞ ፊኛን ባዶ ማድረግም ይረዳል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው እንደ ሲልደናፊልና ታዳላፊል ባሉ እንክብሎች ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ፍላጎትና መነካካት ሲኖር ነው፤ ከነርቩ የሚመጣውን መልእክት የሚያጎሉ እንጂ የሚተኩ ስላልሆኑም ነርቩ ገና ባላገገመበት በእነዚህ ወራት ላይሠሩ ይችላሉ። ዛሬ አልሠሩም ማለት ግን ከስድስት ወር በኋላ አይሠሩም ማለት አይደለም። በበዓል ቀን ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ በልቶ ወዲያው ሲልደናፊል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ቢዘገይበት አይገርምም፤ ታዳላፊል በምግብ እምብዛም አይታወክም፣ እስከ 36 ሰዓትም ይቆያል። ከሁሉ በላይ ግን ለደረት ውጋት ናይትሬት የሚባሉ መድኃኒቶችን፣ ለምሳሌ ከምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን፣ የሚወስድ ሰው እነዚህን እንክብሎች ፈጽሞ መውሰድ የለበትም፤ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል።

የማሩን ፓኬት እንዳይከፍቱት አጥብቄ የምለምንዎትም ስለዚህ ነው። እንዲህ ባሉ «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ የማር ምርቶች ውስጥ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ተደብቆ መገኘቱን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በተደጋጋሚ አስታውቋል። መጠኑ ያልተጻፈ መድኃኒት በማር ተለውሶ ቢቀርብም ያው መድኃኒት ነው።

እንክብሉ ካልሠራ መንገዱ አልተዘጋም። አየር በመሳብ ደም ወደ ብልት የሚያስገባ ቱቦ አለ፤ ደሙን ለመያዝ ከሥሩ የሚደረገው ቀለበት ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። አልፕሮስታዲል የተባለው መድኃኒት በቀጭን መርፌ በብልት ጎን ሲሰጥ ደግሞ ነርቩን ሳይጠብቅ ይሠራል፤ የመጀመሪያው መርፌ ሐኪም ባለበት መሰጠት አለበት፣ መቆሙ ከአራት ሰዓት ካለፈም በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ሁሉም ካልሆነ በቀዶ ሕክምና የሚተከል መሣሪያ አለ፤ ለእርሱ ግን ጊዜው ገና ነው። ሕክምናን ቀደም ብሎ መጀመር ነርቩን በራሱ ያፋጥነዋል የሚለው በጥናት አልጸናም። ቢሆንም ብልት ለረጅም ጊዜ ደም ሳያገኝ ሲቀር ሊያጥር ስለሚችል ዝም ብሎ መጠበቁን አልመክርም።

የቀረው የባለቤትዎ ጉዳይ ነው፤ በእኔ እምነት ከነርቩ ይልቅ አሁን የሚያስፈራው እርሱ ነው። እርሷ የምታየው ፊትዎን ማዞርዎን እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አይደለም። ዛሬ ማታ ይንገሯት፤ መተቃቀፉንም አይተዉት። በፆም ወራት ከሩካቤ የምትታቀቡ ከሆነ ያ ማገገምዎን አያበላሽም፤ ሐኪም ያዘዘው ሕክምና በፆም ይቀጥል እንደሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር መነጋገር ይችላሉ። ለቀጣዩ ቀጠሮ አብራችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ፊት ቃል ቢጠፋዎት ለእኔ የጻፉትን ይህንኑ ደብዳቤ አውጥተው ይስጡት።