ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን በቤት ለማስተማር የትኛው ሥርዓተ ትምህርት ይመረጥ? (ጥያቄና መልስ)

በምሥራቅ ጎጃም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 31 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍሁት ሁለትና ሦስት ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር በማስተማር ነው። ትምህርት ቤቶች በግጭቱ ምክንያት ከተዘጉ ወዲህ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አቅሜ እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምለምነው አንድ ነገር አለ፤ ልጁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳታስነብቡ መጽሐፍ አትግዙ።

ጥያቄ (እናት፣ ከደንበጫ)፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ5፣ የ8፣ የ11 እና የ14 ዓመት ልጆች አሉኝ። ለእያንዳንዳቸው የየክፍላቸውን መጽሐፍ ይዤ ሳስተምር ቀኑ ይመሽብኛል፣ የቤቱም ሥራ ይቀራል። ለአራቱም የሚሆን አንድ ሥርዓተ ትምህርት ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። የደከሙት በአንድ ቤት ውስጥ አራት ትምህርት ቤት ስለከፈቱ ነው። ንባብና ሒሳብ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የሚወጣ ትምህርት በመሆኑ ለየልጁ እንደየደረጃው ለብቻ ይሰጣል፤ የአካባቢ ሳይንስን፣ ኅብረተሰብንና ሥነ ጥበብን ግን በአንድ ርእስ ለሁሉም በአንድነት ማስተማር ይቻላል። የሳምንቱ ርእስ ዓባይ ነው እንበል። የአምስት ዓመቱ ልጅ ወንዙን ይሥላል፤ የስምንት ዓመቱ ስለ ወንዙ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ በሰከላ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣና የሚገባውን፣ ከባሕር ዳርም ወጥቶ ጎጃምን ከቦ ወደ ሱዳን የሚወርደውን ውኃ በካርታ ይነድፋል፤ የአሥራ አራት ዓመቱ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች አፈሩን ስለ ምን እንደሚጠርጉና እርከን እንዴት እንደሚያግደው በጽሑፍ ያስረዳል። እርስዎ የሚዘጋጁት ለአንድ ርእስ ብቻ ነው።

ትልቁ ልጅ ከፊቱ የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ስላለበት የመንግሥቱን መጽሐፍ ተከትሎ ይማር እንጂ ሌላ ነገር አይሞከርበት። ለትንሹ መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ተረት፣ እንቆቅልሽና ባቄላ መቁጠር ይበቃዋል። ለአንድ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይም አያስቀምጡት።

ጥያቄ (አባት፣ ከሞጣ)፦ ልጄ ትምህርት ሲቋረጥ ሦስተኛ ክፍል ነበር፤ ሁለት ዓመት ቤት ውሏል። የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ልግዛለት?

መልስ፦ አይግዙ። አምስተኛ ክፍል ያደረሰው ያሳለፈው ዓመት ነው፤ ንባቡ የት እንደደረሰ ገና አላየንም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ያ የሆነው ትምህርት ቤት ክፍት ሳለ ነው።

ልጅዎ አይቶት የማያውቀውን አንቀጽ ይስጡት። የለመደውን መጽሐፍ ከሰጡት በቃሉ ይወጣዋልና አይመኑት። ከዚያ «ቱ»ን ለብቻዋ በጣትዎ ያሳዩት። ብዙ ልጅ ወዲያው «ቱ» አይልም፤ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ከንፈሩን እያነቃነቀ «ተ፣ ቱ» ብሎ ከራስጌው ተነሥቶ ይደርስባታል። «ቶ»ን ቢያሳዩት ሰባቱን ሁሉ ይወጣል። እንዲህ ያለው ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀም። የኔታዎቻችን ይህን ስለሚያውቁ ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥሩ ነበር። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ሲባል ልጁ በአንዱ ፊደል ላይ ተደላድሎ መውረድ ስለማይችል እያንዳንዱን መልክ ለይቶ ማየት ግድ ይሆንበታል። በስንደዶ እየጠቆሙ ማስቆጠርም ለዚሁ ነው፤ ዓይኑ ስንደዶው ካረፈበት እንዳይሸሽ። ለቤት ትምህርት ከውጭ የሚመጣ ውድ ካርድ ከዚህ የተሻለ ነገር ሲሠራ አላየሁም።

ፊደሉን ከነጠለ የሦስተኛውን ክፍል አማርኛ ካቆመበት ይቀጥል። ካልነጠለ ሁለት ወር ለአቡጊዳ ይስጡት፤ መጽሐፉ አያመልጥዎትም።

አስተያየት (ወጣት መምህርት፣ ከባሕር ዳር)፦ መምህርን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አሁን የሚመከረው ብዙ ቃል የሚሠሩትን ፊደላት አስቀድሞ በድምፃቸው ማስተማር ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ሳይጨርስ አንዲት ቃል የማያነብ ልጅ ይሰላቻል።

አስተያየት (መሪጌታ፣ ከብቸና)፦ እኛ ሀሁ፣ አቡጊዳ፣ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስ ብለን ዳዊት ደርሰናል፤ የተሰላቸ አልነበረም። ዛሬ ግን ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ የማይለይ ዲግሪ ይዟል። «ሠረቀ» ብርሃን ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው፤ ፊደሉ ሲሳት ፀሐይቱ ሌባ ትሆናለች።

አስተያየት (ወጣት መምህርት፣ ከባሕር ዳር)፦ የተሰላቹትማ ጥለው ስለሄዱ አልቆጠሯቸውም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለታችሁም ከጥያቄው ወጥታችኋል። «ለ»ን፣ «መ»ን እና «በ»ን የቆጠረ ልጅ በዚያው ሳምንት «ላም»፣ «ልብ» ብሎ ያንብብ፤ የቀረውን ቆጠራ ጎን ለጎን ይቀጥላል። የመሪጌታ ነገር እውነት ቢሆንም የስድስት ዓመት ልጅ ስለ ሠ እና ሰ አይገረፍም። እንመለስ።

ጥያቄ (አባት፣ ከቡሬ)፦ በቤት የተማረ ልጅ የምስክር ወረቀት ያገኛል ወይ? ለፈተናስ ይመዘገባል?

መልስ፦ ይህ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ነው። አሁኑኑ ሄደው ይጠይቁ፣ የተነገረዎትንም በጽሑፍ ይያዙ። የድሮውን የውጤት ካርድ አይጣሉ።

ጥያቄ (እናት፣ ከባሕር ዳር)፦ ባለቤቴ የአሜሪካ የቤት ትምህርት ጥቅል በኢንተርኔት ሊገዛ ነው። ለሦስቱም ልጆች ይሆናል ይላል።

መልስ፦ ሒሳቡ በኢንችና በፓውንድ፣ ገንዘቡ በዶላር፣ ታሪኩ የሌላ አገር ነው። ልጆችዎ ነገ ወደ ትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚጠየቁት በሜትርና በኪሎ ነው፤ አያታቸው መሬት ሲያካፍሉ ደግሞ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር መሆኑን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። ገንዘቡን ያስቀምጡት። የትምህርት ሚኒስቴር መጻሕፍት ቅጂ በስልክ ይገኛል፤ ከተማሪው መጽሐፍ ጋር የመምህሩን መምሪያ አብረው ያውርዱ፣ ወላጅን የሚረዳው እርሱ ነው። ለሒሳብ ማጠናከሪያ ኻን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት ትምህርት በነፃ አለ፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት ስፍራ ኮሊብሪ በተባለው መተግበሪያ አስቀድሞ አውርዶ መጠቀም ይቻላል። ምንም ከመግዛትዎ በፊት ግን ልጆቹን ያስነብቧቸው።

ጥያቄ (አባት፣ ከእንጅባራ)፦ በቤታችን የምንነጋገረው በአዊኛ ነው። በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?

መልስ፦ በአዊኛ። በአዊ ዞን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ስለሆነ መጽሐፉ አለ፤ ፊደሉም ያው የግዕዙ ነው፣ «ጘ»ን የመሰሉ ጥቂት ተጨማሪዎች አሉት። በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ለአማርኛው አዲስ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም።

ጥያቄ (እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)፦ ትልቋ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ታናናሾቿን ታስተምርልኝ ወይ? እኔ ገበያ እውላለሁ።

መልስ፦ ታስተምር፣ ግን በልክ። በቆሎ ትምህርት ቤት የበላዩ የበታቹን ያስቀጽላል፣ ማለት እያስከተለ ያስነብባል፣ የኔታ ደግሞ ሁለቱንም ያዳምጣሉ። ሰው የሚያስቀረው ይህን ማዳመጡን ነው። እኔም አንድ ጊዜ አስቀርቼዋለሁ፤ መምህር ጠፍቶብኝ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሙሉ መንፈቅ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል አስቆጠረችልኝ። ልጆቹ አነበቡ፤ እርሷ ሒሳብ ወደቀች፣ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ልጅዎ በቀን ግማሽ ሰዓት ታስቀጽል፣ ማታ ደግሞ እርስዎ የእርሷን ደብተር ይዩ። ውኃ መቅዳቱና እንጀራ መጋገሩም በላይዋ ከተጨመረ የምትማርበት ሰዓት አይተርፋትም።

ጥያቄ (አባት፣ ከደጀን)፦ ከሁሉ የሚሻለው ካሪኩለም የትኛው ነው?

መልስ፦ ለየትኛው ልጅ? ዕድሜውን አልጻፉም፣ ማንበቡን አልጻፉም። ከላይ ሁለት ጊዜ የመለስሁትን ሦስተኛ ጊዜ አልጽፍም። ልጁን ያስነብቡት፤ ከዚያም 402 ሲቀነስ 157 ስንት እንደሆነ በወረቀት ላይ ይሥራና መልሱን ይላኩልኝ።

ጥያቄ (አባት፣ ከደጀን)፦ ይቅርታ መምህር። የ10 ዓመት ልጅ ነው፤ ያነብባል። መልሱን 355 ብሎ ጻፈ።

መልስ፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። ልጁ በየረድፉ ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሷል፤ 7 ከ2 ስለማይነሣለት 2ን ከ7 አነሣ፣ 0 እና 5ንም እንዲሁ። መበደርን አያውቅም ማለት ነው። ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ አይጀምሩ፤ ሦስት አሃዝ ያላቸው ቁጥሮች ወደሚገኙበት ምዕራፍ ይመለሱ። ስንደዶ ቆርጣችሁ አሥር አሥሩን እሰሩ፣ አሥሩን እስር ደግሞ በአንድ ላይ አስራችሁ መቶ አድርጉ። አራት የመቶ እስርና ሁለት ነጠላ ፊቱ አስቀምጠው 157 ስጠኝ ይበሉት። የመቶውን ማሰሪያ ራሱ ይፍታው፤ እርስዎ አይፍቱለት። 245 ሲቀረው ደግመው ይጻፉልኝ።