«እንኳን አብሮ አደረሰን» ሲሉኝ ምን ልበል?

ጥያቄ፦ እናቴ ያረፈችው አምና በሰሙነ ሕማማት፣ ማክሰኞ ሌሊት ነው። ረቡዕ ቀበርናት። ካህናቱ «ሕማማት ነው፣ ፍትሐት (ለሟች የሚደረገው የስርየት ጸሎት) የለም» አሉን። ለቅሶው ላይ አንዲት ዘመዳችን «ምስኪን፣ ሳትፈታ ሄደች» ስትል ሰማሁ። ይቺ ቃል ዓመት ሙሉ ከውስጤ አልወጣችም። እማዬ እኮ እሑድ ሆሳዕናን አስቀድሳ መጥታ፣ ለልጆቼ የዘንባባ ቀለበት ስትሠራላቸው ነበር። የራሷ ቀለበት ደርቆ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አሁን ፋሲካ ደረሰ። ሰው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ሲለኝ «አብሮ» የምትለዋ ጉሮሮዬ ላይ ትቀራለች። ደስታ የሚባል ነገር የለኝም። ትንሣኤን የምር ባምን ኖሮ እንዲህ አለቅስ ነበር? ባለቤቴ ዘንድሮ በዓሉ ይቅርብን ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?
ስሜ ይቅር፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። መጀመሪያ የዘመድሽን ነገር እንጨርስ፣ ምክንያቱም እሷን ይዘሽ ፋሲካ መግባት የለብሽም። (ለቅሶ ቤት የሚወራው ነገር! ሰው ንፍሮውን እየቆረጠመ ምን እንደሚናገር አያውቅም።)

በሕማማት ፍትሐት የለም፣ ልክ ነው። ክርስትናም አይነሳም፣ መስቀልም አይሳለሙም። ያ ሳምንት አዳምና ልጆቹ በሲኦል የቆዩበት የ5500 ዘመን መታሰቢያ ስለሆነ ነው። ግን ቤተ ክርስቲያን በዚያ ሳምንት የሚሞተውን ሰው ረስታ አይደለም። ሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐት ይደረጋል፤ በሕማማት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ማለት ነው። ያ በመሳቢያሽ ያለው ቀለበት እኮ ይሄንን ነው የሚነግርሽ። እናትሽ እሑድ እዚያ ነበረች። ዘንባባዋን ይዛ፣ በእግሯ ቆማ፣ የራሷን ፍትሐት በጆሮዋ ሰምታለች። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንታደለው? እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ከተጠራጠርሽ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ግን ሌላ ነገር የሚሉሽ አይመስለኝም።

አሁን ወደ እንባሽ። የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 20 አውጪና አንብቢው፤ የመጀመሪያው የፋሲካ ጠዋት የሚጀምረው በለቅሶ ነው። መግደላዊት ማርያም መቃብሩ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች። ጌታ ተነሥቶ ከኋላዋ ቆሟል፣ እሷ ግን የአትክልት ጠባቂ መስሏት «አንተ ወስደኸው እንደሆነ ንገረኝ» ትለዋለች። እኔ ይሄን ቦታ በጣም ነው የምወደው። ትንሣኤው አልቋል፣ እሷ ገና ታለቅሳለች፣ እሱ ደግሞ «ምን እምነት የጎደለሽ ነሽ» ብሎ አልተቆጣትም። «ማርያም» ብሎ በስሟ ጠራት፣ በቃ። ያኔ ነው ያወቀችው። ለእኔ የትንሣኤ ትርጉሙ እዚህ ጋ ነው፤ ሞት ስማችንን የማያጠፋው መሆኑ። እናትሽንም በስሟ የሚጠራት አለ። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ አትዘኑ አላለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ ነው ያለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ እኛ ግን ሐዘንተኛን ስናጽናና አጋማሹን ቆርጠን «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» እንላለን። ደግሞ አልዓዛርን ሊያስነሣው የሄደው ጌታ ራሱ፣ እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ አልቅሷል።

ደስታው እሑድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ካልመጣ ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ጠብቂው። ቶማስ የደረሰው ከሳምንት በኋላ ነው። አርፍዶ፣ ያውም «ካላየሁ አላምንም» ብሎ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አላሳፈረችውም፣ ዳግም ትንሣኤ ብላ ያንን እሑድ ታከብረዋለች። ሲያይም ያየው ቁስሉን ነው። የተነሣው አካል የችንካሩ ምልክት ነበረው፤ ስለዚህ ቁስልሽን ደብቀሽ «ደስ ብሎኛል» ማለት አይጠበቅብሽም። እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን አለሽ፣ ጾም የለ፣ ስግደት የለ። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለሽ መመለስ ካቃተሽ ሌላው ይመልስልሻል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ። እኔ እናቴ የሞተች ዓመት «አሰሮ ለሰይጣን» (ሰይጣንን አሰረው) ላይ ነበር ድምፄ የሚጠፋው፣ «አግዐዞ ለአዳም» (አዳምን ነፃ አወጣው) ሲደርሱ እመለሳለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

«አብሮ» ላልሽውም፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ሲሉሽ እናትሽን ቆጥረሽ መልሺ። የሞቱትንም አንድ ላይ ካልቆጠርን ትንሣኤ የምንለው ምኑ ነው?

ባለቤትሽ ለአንቺ አስቦ ነው፣ አትቆጪው። ግን በዓሉን አትዝለሉት፤ ልጆቹ አያታቸውን ካጡ ዓመት ሆናቸው፣ ዶሮውንም አይጡ። አሥራ ሁለቱን ብልት ማውጣት እናትሽ ብቻ የምትችለው ሙያ ከነበረ፣ ጎረቤት ጥሪ። ሽንኩርቱን ግን ቅዳሜ ራስሽ ክተፊው። ያኔ ብታለቅሺ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅሽም።