98 ፐርሰንት ያመጣው የካንሰር ሞዴልሽ ስራ ያስገኝልሻል ወይ?

እህቴ ሰላም ነው፣ የላክሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ 5ኛ አመት ነሽ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ በማይክሮስኮፕ የተነሱ የጡት ናሙና ምስሎችን አይቶ ካንሰር ነው አይደለም የሚል ሞዴል (ከምስሎች የተማረ ፕሮግራም) ሰርተሽ 98 ፐርሰንት አኩረሲ አምጥተሻል፣ ማለትም ከመቶው ምስል 98ቱን በትክክል ለይቷል፣ ጓደኞችሽ ደሞ "በዚህ ማን ይቀጥርሻል፣ ሞባይል አፕ ስሪ" እያሉሽ ግራ ገብቶሻል። አክስትሽ የባዮፕሲ (ከሰውነት ተወስዶ የሚመረመር ናሙና) ውጤት ስትጠብቅ የሆነውን ስትፅፊ አንጀቴን ነው የበላሽው፣ መጠበቁ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

አትተይው። ግን በዚህ 98 ኢንተርቪው እንዳትገቢ።

ለምን መሰለሽ፣ የተጠቀምሽበት ብሬክሂስ የሚባለው ዳታሴት (የምስል ስብስብ) ብራዚል የተሰበሰበ ነው፣ 7,909 ምስል አለው ሲባል ብዙ ይመስላል ግን ሁሉም የመጡት ከ82 ታካሚዎች ብቻ ነው። ስለዚህ አንዷ ሴትዮ ብቻዋን በአማካይ ወደ መቶ የሚጠጋ ምስል አላት፣ በ40 በ100 በ200 እና በ400 እጥፍ እየጎላ የተነሳ። አንቺ ደሞ ሁሉንም ደባልቄ 80 ፐርሰንቱን ለትሬኒንግ (ሞዴሉ ለሚማርበት)፣ 20ውን ለቴስት (ለሚፈተንበት) ከፈልኩት ብለሻል። እንደዛ ሲሆን የአንዷ ሴትዮ ምስል ከፊሉ ትሬኒንግ ውስጥ ከፊሉ ቴስት ውስጥ ይገባና ሞዴሉ ካንሰሩን ትቶ የስላይዷን (ናሙናዋ የተለጠፈበት መስታወት) ቀለም ይሸመድዳል፣ ፈተናው ሾልኮ እንደደረሰው ተማሪ በይው። ደሞ ከ7,909ኙ 5,429ኙ ካንሰር ናቸው፣ ምንም ሳያይ "ሁሉም ካንሰር ነው" የሚል ሞዴል ራሱ ወደ 69 ፐርሰንት ያመጣል።

አንድ የማማክረው ልጅ ኢንተርቪው ላይ "ቴስት ያረግክባቸው ምስሎች ከስንት ሰው ናቸው?" ሲባል መልስ አጥቶ ወጥቷል፣ ጎበዝ ልጅ ነው እኮ፣ ግን ይሄን ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር። ስለዚህ በታካሚ ከፍለሽ እንደገና ስሪው፣ ትሬኒንግ ውስጥ ያለች ሴት አንድም ምስሏ ቴስት ውስጥ እንዳይገኝ። ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፣ 85 ቢሆንም አትደንግጪ፣ ከአኩረሲው ይልቅ ካንሰር ካለባቸው ውስጥ ስንቷን "ነፃ ነሽ" ብሎ እንደላካት ቁጠሪ፣ እሱን ነው መፃፍ ያለብሽ።

ሁለተኛው ነገር ደሞ ፓቶሎጂስት (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታውን የሚለይ ሀኪም) ጎን ቁጭ በይ። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አይቻለሁ፣ ዶክተሯ መጀመሪያ በትንሹ ሌንስ ስላይዱን ዳር እስከ ዳር ይዞሩታል፣ የሆነ ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ ትልቁ ይቀይራሉ። "ኒውክለሱን (የሴሉን እምብርት) እየው" አሉኝ፣ ወይንጠጅ ሆኖ አብጧል፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ጠርዙ የተጎረደ፣ ሴሉን ሞልቶት ዙሪያው ምንም ቦታ አልቀረም። ቀጥለው ያስገቡት ስላይድ ግን ከፊተኛው በጣም ሮዝ ነበር፣ ለካ በሽታው አይደለም፣ ናሙናው የሚነከርበት ኢዮሲን የሚባለው ሮዝ ቀለም ውስጥ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ስለቆየ ነው። አንድ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲህ ከተለያየ በብራዚል ቀለም የተማረ ሞዴል እዚህ መጥቶ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቢው፣ ይሄን ያየ ሰው ኮዱን ራሱ በሌላ አይን ነው የሚፅፈው።

ስራውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ፣ የካንሰር ምስል ኤአይ ባለሙያ የሚል ማስታወቂያ እዚህ ጠብቀሽ አታገኚም ማለት ይቻላል። ግን መስኩ የህልም እንጀራ አይደለም፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የመድሃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ የፕሮስቴት ካንሰር ስላይድ ላይ ለፓቶሎጂስቱ "እዚህ ጋ ድጋሚ እይ" ብሎ የሚጠቁም ሶፍትዌር ፈቅዷል፣ ሀኪሙን የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ። እኛም አገር የጅማ ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ሰዎች በማህፀን በር ካንሰር ምስሎች ላይ ሰርተው አሳትመዋል፣ ፅሁፋቸውን አንብቢና ኢሜይል ፃፊላቸው፣ "ስራ ስጡኝ" ብለሽ ሳይሆን የገባሽንና ያልገባሽን ለይተሽ። የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትንም ማስታወቂያ ተከታተይ። እስከዛ ዳታ አናሊስት ሆነሽ ብትቀጠሪ ምንም ማለት አይደለም፣ ምስል ማፅዳት ለየምስሉ ሌብል (ምን እንደሆነ የሚል መለያ) መስጠት ስህተት መቁጠር የትም ቦታ የሚፈለግ ሙያ ነው።

ሲቪሽን የሚለየው ፕሮጀክት ደሞ ይሄ ይመስለኛል፣ ስላይድ ስካነር (ስላይዱን ወደ ኮምፒውተር ምስል የሚቀይር መሳሪያ) በሌለው ላብራቶሪ ውስጥ ሀኪሙ ስልኩን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግኖ ፎቶ አንስቶ ለሌላ ሀኪም ይልካል፣ ፎቶው ደብዝዞ ከሆነ ተቀባዩ ምንም ማለት አይችልም። አንቺ ከመላኩ በፊት "ይሄ ፎቶ ይነበባል፣ ይሄ ደብዝዟል ድጋሚ አንሳ" የሚል ትንሽ ሞዴል ስሪ፣ ጎግል ኮላብ (ኮድ በኢንተርኔት የሚሰራበት አገልግሎት) ላይ በነፃ የሚሰራ ነገር ነው። ከሆስፒታሉ የኢቲክስ ፈቃድ ሳትይዢ ግን አንድም ምስል እንዳትወስጂ፣ ስላይዱ ጠርዝ ላይ የታካሚዋ ስም ወይ ቁጥር ስለሚፃፍ እሱ ፎቶው ውስጥ መግባት የለበትም።

ዩኒቨርሲቲሽ ሆስፒታል አለው አይደል፣ በዚህ ሳምንት ፓቶሎጂ ዲፓርትመንት ሄደሽ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ልይ ብለሽ ጠይቂያቸው። በታካሚ ከፍለሽ ያመጣሽውን ቁጥር ደሞ ላኪልኝ፣ ሲቪሽ ላይ እንዴት እንደምንፅፈው አብረን እናየዋለን።