እንጦጦን አጣርቶ ያልጻፈ መጽሐፍ ለወጨጫ አይታመንም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አራት ኪሎ እንደምትሠሪ፣ ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ መውጣት እንደ ለመዳችሁ፣ ከክረምቱ በኋላ ደግሞ ወጨጫን፣ የረርንና ዝቋላን እንዳሰባችሁ ጽፈሻል። መጽሐፍ ሻጩ ሦስት የጉዞ መምሪያዎች አቅርቦልሻል፦ አንዱ አገሪቱን በሙሉ የሚያስጎበኝ ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ወፍራም መጽሐፍ፣ ሁለተኛው በእጅ የተሣሉ ካርታዎች ያሉበት አሮጌና ቀጭን፣ ሦስተኛው የጂፒኤስ ነጥቦች በየገጹ የተደረደሩበት አዲስ። የትኛውን ልግዛ ነው ያልሽው። በእነዚህ ተራሮች ላይ አሥራ አራት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ መጽሐፍ የረዳኝም መጽሐፍ ያሳሳተኝም ቀን አለና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት እዚያው ሱቁ ደጃፍ ቆመሽ ስለ እንጦጦ የተጻፈውን ገጽ ብቻ አንብቢ። ወጨጫን ገና አታውቂውም፤ ደራሲው ልክ ይሁን አይሁን መለየት አትችዪም። እንጦጦን ግን እግርሽ ያውቀዋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደው ዳገት የት ላይ ትንፋሽ እንደሚያሳጥር ጽፎታል? የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ የአካባቢው መልክ ተለውጧል፤ መጽሐፉ ይህን ያውቃል? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው። የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ቁልቁለት ላይ ሲነጠፍ እግርን ክፉኛ ያንሸራትታል። ይህን ያስጠነቀቀ ደራሲ በእግሩ ወርዶበታል። ስለ ደኑ ውበትና ስለ ከተማዋ ዕይታ ብቻ አውርቶ ያለፈውን ግን ወደማላውቀው ገደል አልከተለውም።

ይህን ያህል የማጠብቀው ስለ ደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ከአንድ ወዳጄ ጋር በመጽሐፍ እየተመራን ወጨጫን ወጣን። መጽሐፉ ጅረቱን ተሻግረን የግራውን መንገድ እንድንይዝ ይነግረናል። ጠዋት ስንሻገር ውኃው ከቁርጭምጭሚት አላለፈም ነበር። ከሰዓት በኋላ ከበላያችን ዶፍ ጣለ፤ ስንመለስ ያ ጅረት ድንጋይ የሚያንከባልል ቀይ ጎርፍ ሆኖ ጠበቀን። ገጾቹን ብንገለብጥ ሌላ መውረጃ የለም። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ አግኝቶን ወደ ላይ መለሰን፣ ሸንተረሩን አዙሮ በሌላ በኩል አወረደን፤ ሜዳው ላይ ስንደርስ ዓይን መያዝ ጀምሮ ነበር። ያ ልጅ ባይኖር ኖሮ ወዳጄ ሊሻገር ቆርጦ ነበር። ቤቴ ገብቼ የመጽሐፉን መግቢያ ሳነብ ደራሲው የተጓዘው በታኅሣሥና በጥር እንደ ነበር አገኘሁ። ስለዚህ ደራሲው በየትኛው ወር እንደ ሄደ በየመንገዱ ገጽ ላይ የማይናገር፣ ቢቸግር መመለሻው በየት እንደ ሆነ የማይጠቁም መጽሐፍ፣ የቀረው ሁሉ ቢያምር እንኳን አልገዛም።

የጉዞ ሰዓቱንም መዝኚው። በ1892 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 600 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ ያለ ዕረፍት ሦስት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። የኛ ተራሮች ጫፍ 3,000 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ እኔ ሁልጊዜ እጨምርበታለሁ። መጽሐፉ እንዲህ ላለው መንገድ ሁለት ሰዓት ከሰጠ ደራሲው ወይ ሯጭ ነው ወይ አልሄደበትም። በውጭ ሰዎች የተጻፉት ሰዓቱን በራሳቸው አቆጣጠር እንደሚያሰፍሩም አትርሺ፤ የነሱ 6፡00 የኛ 12 ሰዓት ነው። የምሽቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። እዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፣ ጨለማውም ፈጥኖ ይከተላል። ረጅም አመሻሽ ከለመደ አገር የመጣ ደራሲ ይህን ካላሰበበት አንባቢውን ጫካ ውስጥ ያስመሸዋል፤ ጅብ ባለበት ጫካ።

ወደ ካርታው ልምጣ። 1:50,000 በሆነ ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ 1:250,000 ከሆነ ግን 2.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚያ እግረኛ መንገዱን አያገኝም። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ያሉትን የጂፒኤስ ነጥቦች ወደ ስልክሽ ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ ከየት እንደ ተወሰዱ ፈልጊ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ (የቦታ ቁጥሮች የሚሰሉበት መሠረት) ሲሆን ስልክሽ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ደራሲው ነጥቦቹን ከአሮጌ ካርታ ቀድቶ ካላስተካከላቸው ስሕተቱ ወደ 200 ሜትር ይጠጋል። ሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ሸንተረር ላይ ግን በመንገዱና በገደሉ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የቦታ ስሞችን ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። በላቲን ፊደል ተጣመው የተጻፉ ስሞችን ይዘሽ ገበሬውን ብትጠይቂው ምን እንዳልሽ አይገባውም። ከከተማው ወጣ እንዳልሽ ብዙው ስም ኦሮምኛ ነው፤ ጥሩ ደራሲ የአካባቢው ሰው እንደሚጠራው አድርጎ ያሰፍረዋል። ዝቋላ ላይም የሰዎቹን ነገር ማወቅ አለበት። ተራራው 2,989 ሜትር መሆኑንና አናቱ ላይ ሐይቅ መኖሩን ማንም ይጽፋል። ሐይቁ ለምእመናኑ የተቀደሰ እንደ ሆነ፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ተራራው በምእመናን እንደሚሞላ የጻፈልሽ ግን ገዳሙን አክብሮ የገባ ሰው ነው።

እንግዲህ ምርጫዬን ልናገር። ወፍራሙን ተዪው፤ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ስለ ሰሜንና ስለ ባሌ ተራሮች በሰፊው ሲጽፉ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች የሚተርፋቸው ገጽ ጥቂት ነው። ደግሞስ ያንን ሁሉ ክብደት ማን ይሸከመዋል? አዲሱን የእንጦጦውን ፈተና ካለፈና ነጥቦቹ በእግር የተወሰዱ ከሆኑ ብቻ ግዢ። አሮጌውን ቀጭን መጽሐፍ ግን ከጻፍሽልኝ መግለጫ እንደ ተረዳሁት በእግሩ የሄደ ሰው ሥራ ይመስለኛል፤ ካርታውን በእጁ የሣለ ሰው የት ቆሞ እንደ ሣለ ያውቃል። ራስ ዳሸንን 4,620 ሜትር ነው ቢልሽ መጽሐፉን አትናቂው፤ በዘመኑ የሚታተመው ቁጥር ያ ነበር፣ አሁን 4,550 ይባላል። ተራራው ቦታውን አይለቅም። የሚያረጀው ታክሲው፣ አጥሩ፣ አዲስ የተቀደደው መንገድ ነው፤ ፒያሳን በሦስት ዓመት ውስጥ ያየ ሰው ይህን አያጣውም። እነዚያን ከአካባቢው ሰው ጠይቂ፣ የጸጥታውንም ሁኔታ በምትሄዱበት ሳምንት ጠይቁ፣ መንገድ የሚያሳይ የመንደሩን ሰው ክፍያውን ቀድማችሁ ተስማምታችሁ ያዙ።

ቀጭኑን ከገዛሽ የወጨጫንና የየረርን ገጾች ፎቶ ኮፒ አስነሺና በላስቲክ ያዣቸው። እኔ በየጉዞዬ ጅረቱ የሞላበትን ወር፣ የጠፋውን ምልክት፣ ውኃ የሚገኝበትን ቦታ የመዘገብኩበት ደብተር አለኝ። የፈለግሽ ቅዳሜ ከእንጦጦ ስትመለሺ አራት ኪሎ እንገናኝና በመጽሐፍሽ ጠርዝ ላይ ትገለብጪዋለሽ።