ባለዕዳ አገር በዩሮ ሲታደጉት፦ ደመወዛችሁና ቁጠባችሁ የት ይቆማል?

ጀርመን የሚኖር ወገን «የግሪክን ዕዳ በእኔ ግብር ለምን ይከፍላሉ?» ይላል። አቴንስ የሚኖረው ደግሞ «የሰጡን ብድር አደኸየን እንጂ አላዳነንም» ይላል። ሁለቱም ኪሳቸውን ነክቷቸው ነውና የሚናገሩት ቅሬታቸው የሚቃለል አይደለም። ግን ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳያውቁ መከራከርም፣ ቁጠባ ማስቀመጥም አደጋ አለው። (ዓመቶቹ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአውሮፓ ኅብረት ውል አንቀጽ 125 አንዱ አባል አገር የሌላውን ዕዳ እንዳይሸከም ይከለክላል። አንቀጽ 123 ደግሞ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ለመንግሥታት በቀጥታ እንዳያበድር ያግዳል። ስለዚህ «መታደግ» የሚሉት ነገር በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ብድር ነው፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2012 ሕጋዊ ነው ብሎታል። በ2010 ለግሪክ የተሰጠው የመጀመሪያው ብድር በአብዛኛው ከመንግሥታቱ በቀጥታ የወጣ ነበር። ከ2012 ጥቅምት ወዲህ ግን ይህን ሥራ የያዘው ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ መረጋጋት ተቋም ነው። እስከ 500 ቢሊዮን ዩሮ ማበደር ይችላል። አባል አገሮች በጥሬው የከፈሉት 80 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሲጠየቁ ሊከፍሉ ቃል ገብተዋል። ተቋሙ በዚያ ዋስትና ቦንድ (ከወለድ ጋር የሚመለስ የብድር ሰነድ) ሸጦ ከገበያ ይበደርና መልሶ ያበድራል። የጀርመን ድርሻ 27 ከመቶ ገደማ ነው። ፍራንክፈርት የሚሠራ ሰው ግብር በእርግጥ የሚነካው ተበዳሪው አገር አልከፍልም ያለ ቀን ነው ማለት ነው።

ታዲያ መታደግ ይገባል? ይገባል፤ ግን ዕዳው ሊከፈል የሚችል ዕዳ ከሆነ ብቻ። ካልሆነ መጀመሪያ ዕዳው መቀነስ አለበት። የራሱ ገንዘብ ያለው አገር ሲጨንቀው ምንዛሪውን ያወርዳል፤ ኪሳራው ገንዘቡን ለያዘ ሁሉ ይከፋፈላል። በዩሮ ውስጥ ይህ በር ዝግ ነው፤ አቴንስ ዩሮ በራሷ ፈቃድ ማተም አትችልም። ምንዛሪው ካልወረደ የሚወርደው ደመወዝና ጡረታ ነው።

አየርላንድን እዩ። ዕዳዋ ያበጠው የባንኮቿን ኪሳራ መንግሥት ስለተሸከመው ነበር። በ2010 መጨረሻ የ85 ቢሊዮን ዩሮ የመታደጊያ ፕሮግራም ተፈቀደላት፤ ከዚህ ውስጥ 17.5 ቢሊዮኑ የራሷ ገንዘብ ነበር። በ2013 ታኅሣሥ ከፕሮግራሙ ወጣች። ፖርቹጋል በ2011 78 ቢሊዮን ተፈቅዶላት በ2014 ግንቦት ወጣች። መራራ ቢሆንም የመክፈል አቅም ያለው አገር ጊዜ ሲያገኝ እንደሚያገግም እነዚህ ያሳያሉ።

ግሪክ ግን ሌላ ነበረች። በ2009 መጨረሻ አዲሱ መንግሥት የበጀት ጉድለቱ ቀድሞ ከተነገረው እጅግ እንደሚበልጥ ይፋ አደረገ። ተመርምሮ ሲያበቃ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 15 ከመቶ ገደማ ሆነ፤ የዩሮ ደንብ የሚፈቅደው 3 ከመቶ ነው። ዕዳው ከዓመታዊ ምርቱ 127 ከመቶ ገደማ ደርሷል። በ2010 ግንቦት 110 ቢሊዮን ዩሮ ሲፈቀድላት፣ 80ው ከዩሮ አገሮች 30ው ከዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ ከቀድሞው ዕዳ አንድ ሳንቲም አልተነሣም። ቀናቸው የደረሰ ቦንዶች ለሁለት ዓመት ያህል በአዲሱ ብድር በሙሉ ተከፈሉ፤ ተቀባዮቹ መካከልም የፈረንሳይና የጀርመን ባንኮች ነበሩ። የግል ባለ ቦንዶች 53.5 ከመቶ ያጡት በ2012 መጋቢት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ዕዳ ከባንኮች ወደ ሕዝብ ገንዘብ ተሸጋግሯል። እኔ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው እላለሁ። ቅነሳው በ2010 ቢሆን ኖሮ አበዳሪው ባንክ ድርሻውን በወቅቱ ይቀበል ነበር፤ የአቴንስ ጡረተኛና የሙኒክ ግብር ከፋይም ፊት ለፊት ባልቆሙ።

«ቢቀነስላቸው ሌሎቹም ይለምዱታል፣ ችግሩም ወደ ጣሊያንና ስፔን ይዛመታል» የሚለው ክርክር ከንቱ አልነበረም። መዛመቱን ያቆመው ግን ተጨማሪ ብድር አልነበረም፤ የማዕከላዊ ባንኩ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ በ2012 ሐምሌ 26 ለንደን ላይ ዩሮን ለማዳን ባንኩ የሚቻለውን ሁሉ እንደሚያደርግ የገቡት ቃል ነበር። ያን ተከትሎ የወጣው ቦንድ የመግዛት ዕቅድ አንድ ጊዜም ሥራ ላይ አልዋለም፤ የጣሊያንና የስፔን የብድር ወለድ ግን ወረደ።

አሁን ወደ እናንተ ኪስ። ፕሮግራም በገባ አገር ቀድሞ የሚመታው ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ነው፤ ብዙ ወገኖቻችንም የሚሠሩት እዚያው ላይ ነው። በግሪክ በ2012 የካቲት ዝቅተኛው ወርሃዊ ደመወዝ ከ751 ወደ 586 ዩሮ ወረደ፤ ከ25 ዓመት በታች ላሉት 511 ሆነ። ቫት በ2010 ብቻ ከ19 ወደ 23 ከመቶ ወጣ። በ2011 አዲስ የንብረት ግብር በመብራት ቢል ላይ ተጨመረ። የቤት ብድር የሚወስድ ሰው ወርሃዊ ክፍያውን ሲያሰላ ደመወዙ በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ መክፈል መቻሉን አስቀድሞ ይሞክረው።

ቁጠባን በተመለከተ ቆጵሮስን አስታውሱ። በ2013 መጋቢት አገሪቱን ለመታደግ የወጣው የመጀመሪያው ዕቅድ ከ100,000 ዩሮ በታች ካለው ቁጠባ ሳይቀር 6.75 ከመቶ ለመውሰድ ነበር። ፓርላማው አንድም የድጋፍ ድምፅ ሳይሰጠው ጣለው። በመጨረሻ ላይኪ ባንክ ተዘጋ፤ በባንክ ኦፍ ሳይፕረስ ከ100,000 በላይ ከነበረው ገንዘብ ደግሞ 47.5 ከመቶው ወደ አክሲዮን ተለወጠ። ከ2016 ወዲህ ይህ መንገድ በመላው ኅብረት ሕግ ነው፤ ባንክ ሲወድቅ መጀመሪያ ባለ አክሲዮኖች፣ ቀጥሎ ባለ ቦንዶች፣ ከዚያ ከ100,000 ዩሮ ዋስትና በላይ ያለ ቁጠባ ይነካል።

ባንክ ቢወድቅ ቁጠባችሁ የሚመለስበት የ100,000 ዩሮ ዋስትና በአንድ ሰው በአንድ ባንክ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሁለት የተለያየ ስም ያላቸው ባንኮች በአንድ ፈቃድ የሚሠሩ ከሆነ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የጋራ ሒሳብ ካላችሁ ለባልም ለሚስትም ለየብቻ 100,000 ይታሰባል። ከሌላ የኅብረቱ አገር የመጣ ባንክ ቅርንጫፍ ከሆነ ዋስትናው የእናት አገሩ ነው። ቤት ሽጣችሁ ትልቅ ገንዘብ ቢገባ ከጣሪያው በላይ ያለው ቢያንስ ለ3 ወር ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አከፋፍሉት። የማኅበር ገንዘብ በአንድ ግለሰብ ስም አይቀመጥ፤ ባንኩ ሲወድቅ የማን እንደነበረ ማስረዳት ፈተና ነው። ባንክ ቤት የተሸጠላችሁ ነገር ሁሉም ቁጠባ አይደለም። ስፔን ውስጥ ቅድሚያ መብት ያለው አክሲዮን እንደ ቁጠባ ቀርቦላቸው የገዙ ብዙ ተራ ደንበኞች ከባንኮቹ መታደግ ጋር ገንዘባቸውን አጥተዋል። ከመፈረማችሁ በፊት «ይህ በተቀማጭ ዋስትና ተሸፍኗል?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ዋስትና ያለው ገንዘብም ቢሆን ሊታገድ ይችላል። በ2015 ሰኔ መጨረሻ የግሪክ ባንኮች ለሦስት ሳምንት ሲዘጉ በካርድ የሚወጣው በቀን 60 ዩሮ ብቻ ነበር፤ ባለ 20 ኖት ያለቀባቸው ኤቲኤሞች 50 ብቻ ይሰጡ ነበር። ወደ ውጭ ገንዘብ ማስተላለፍ ያለ ልዩ ፈቃድ ተከለከለ፤ እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ2019 መስከረም ነው። በውጭ አገር ባንክ የወጣ ካርድ ግን ከገደቡ ነፃ ነበር። ስለዚህ የሁለት ወር ወጪ ያህል በሌላ የዩሮ አገር ባንክ አስቀምጡ። በኅብረቱ በሕጋዊነት የሚኖር ሰው፣ ጥገኝነት ጠያቂም ጭምር፣ መሠረታዊ ሒሳብ የመክፈት መብት አለው፤ ባንኩ ከዚያ አገር ጋር ያላችሁን ግንኙነት እንድታስረዱ ሊጠይቅ ይችላል። የከፈታችሁትን ሒሳብ ለግብር መሥሪያ ቤት አሳውቁ። በፈረንሳይ እያንዳንዱን የውጭ ሒሳብ ከዓመታዊ የግብር መግለጫ ጋር በቅጽ 3916 ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ላላሳወቀ በአንድ ሒሳብ 1,500 ዩሮ ቅጣት አለው። በስፔን በውጭ ባንክ ያለው ገንዘብ ከ50,000 ዩሮ ሲያልፍ የሚሞላው ቅጽ 720 ነው።