ዶከር «ዴመኑን አላገኘሁትም» ስላለሽ ሙያ አይቀየርም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። ለጀማሪ ዴቭኦፕስ (ሶፍትዌርን አዘጋጅቶ ሰርቨር ላይ የማስኬድ) ሥራ ቃለ መጠይቅ ገብተሽ ላፕቶፕ ሰጡሽና «አንድ ኮንቴይነር አስነሺልን» አሉሽ (ኮንቴይነር ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ተለይቶ የሚሠራበት ሳጥን በዪው፣ ዶከር ደግሞ እሱን የሚያስነሳው መሣሪያ ነው)። «ዶከር ረን» ብለሽ ስትጽፊ ከዶከር ዴመን (ከጀርባ ሆኖ ከሚሠራው ፕሮግራም) ጋር መገናኘት አልተቻለም፣ ዴመኑ እየሠራ ነው ወይ የሚል መልእክት መጣ። ደነገጥሽ፣ ዶከርን አራግፈሽ እንደገና መጫን ጀመርሽ፣ ሰዓቱ አለቀ። አሁን ደግሞ ሌላ ሰርተፊኬት ልያዝ ወይስ ወደ ዌብ ዲዛይን ልዙር ትዪኛለሽ።

ሁለቱንም ለጊዜው ተዪው።

ዴመኑን ሆን ብለው አጥፍተውትም ሊሆን ይችላል። ባያጠፉትም ለውጥ የለውም፤ ጠያቂ ማየት የሚፈልገው ነገር እንቢ ሲልሽ ከየት እንደምትጀምሪ ነው። ነቅሎ መጫን ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም እንደማለት ይቆጠራል፣ እውነቱን ልንገርሽ።

ውስጡ ያለው ሁለት ነገር ነው። ተርሚናል ላይ የምትጽፊለት ክላየንቱ ነው፤ እሱ ራሱ አንድም ኮንቴይነር አያስነሳም፣ ትእዛዝሽን ለዴመኑ ያቀብላል እንጂ። ሥራውን የሚሠራው ከጀርባ ያለው ዴመን ነው። ሊኑክስ ላይ የሚገናኙት ቫር ረን ስር ባለው ዶከር ዶት ሶክ በሚባል የሶኬት ፋይል (ሁለት ፕሮግራሞች በሚነጋገሩበት በር) ነው። ዊንዶውስና ማክ ላይ ግን የሊኑክስ ኮንቴይነር የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ስለሚፈልግ ዶከር ዴስክቶፕ የሚባለው አፕ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር) ያስነሳና ዴመኑ እዚያ ውስጥ ይሠራል፣ ስለዚህ አፑ ካልተከፈተ ወይም ተነስቶ ካልጨረሰ ክላየንቱ የሚያናግረው አካል የለም ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ «ዶከር ቨርዥን» በዪ። ክላየንትና ሰርቨር የሚሉ ሁለት ክፍሎች ማየት አለብሽ። የክላየንቱ መጥቶ በሰርቨሩ ቦታ ስህተት ከወጣ፣ ክላየንቱ ተጭኗል፣ ይሠራልም፤ ችግሩ ከወዲያኛው ወገን ወይም መሃል ላይ ነው። ሊኑክስ ከሆነ «ሲስተም ሲቲኤል ስታተስ ዶከር» ብለሽ ዴመኑ እየሠራ መሆኑን እዪ። ከቆመ አስነሺው፣ አልነሳም ካለ «ጆርናል ሲቲኤል» ላይ ሎጉን (ሲስተሙ የመዘገበውን) አንብቢ። ሎግ ማንበብ ያልለመደ ሰው እዚህ ሙያ ውስጥ ይቸገራል።

ዴመኑ እየሠራም ክላየንቱ ሊያጣው ይችላል፣ የተሳሳተ አድራሻ ላይ ሲፈልገው። ሊኑክስ ላይ ዶከር ኢንጂንም (ያለ ዴስክቶፕ አፑ የሚጫነው ዶከር) ዶከር ዴስክቶፕም የጫነ ሰው ሁለት ዴመን አለው፤ ትናንት ያወረደው ኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚነሳበት ጥቅል) ዛሬ «ጠፋብኝ» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። «ዶከር ኮንቴክስት ኤልኤስ» ብትዪ አሁን የሚሠራበት ኮንቴክስት (ክላየንቱ የትኛውን ዴመን እንደሚያናግር የሚይዘው ቅንብር) ጎን ኮከብ ታያለሽ። ዶከር ሆስት የሚባል ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሞች የሚያነቡት የሲስተም እሴት) ተሞልቶ ከሆነ ግን የመረጥሽውን ኮንቴክስት ይሽረዋል፣ እሱንም እዪው።

ፐርሚሽን ዲናይድ ካለሽ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሶኬቱ ተገኝቷል፣ የከለከለሽ ፈቃድ ነው። ዶከር ግሩፕ (ሶኬቱን እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ተጠቃሚዎች ቡድን) ውስጥ ገብተሽ፣ ከአካውንትሽ ወጥተሽ እንደገና ሎግ ኢን ማድረግ ነው። ሶኬቱን በ666 (ማንም እንዲያነብና እንዲጽፍ በሚፈቅደው ቁጥር) ለሁሉም ክፈቺው የሚልሽን አትስሚ። እዚህ ላይ ለጠያቂው «ዶከር ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ማሽኑ ላይ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ሥልጣን እንዳለው ነው የሚቆጠረው» ብትዪው፣ ሰውየው ቀና ብሎ ያይሻል። ያለ ቲኤልኤስ (ግንኙነቱን የሚያመሰጥርና ማንነትን የሚያረጋግጥ ጥበቃ) የዴመኑን 2375 ፖርት ኔትወርክ ላይ መክፈትም ማሽኑን ለደረሰ ሁሉ ማስረከብ ነው።

ልምምዱን ደግሞ በራስሽ ኮምፒውተር ላይ እያበላሸሽ አድርጊው። ዴመኑን አቁሚው (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሱን ብቻ ብታቆሚ ሶኬቱን የሚጠብቀው ሶኬት ዩኒት ክላየንቱ ሲጠራ ዴመኑን መልሶ ሊያስነሳው ስለሚችል «ዶከር ዶት ሶኬት»ንም አብረሽ አቁሚ)። ዶከር ሆስትን የማይረባ አድራሻ ስጪው። ራስሽን ከግሩፑ አውጪ። የሚመጣውን መልእክትና ያስተካከለውን ነገር ጽፈሽ ጊትሃብ ላይ አስቀምጪው፣ ሲቪሽ ላይም «ዶከር አውቃለሁ» ከሚለው ደረቅ መስመር ይልቅ እሱን ሊንክ አድርጊ። ስትሠሪ ድምፅሽን አውጥተሽ ተናገሪ፣ ብቻሽንም ብትሆኚ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ዝም ያለ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ ማንም አያውቅለትም። ማይኤስኪውኤልም (ዳታቤዝ) ኩበርኔቲስም (ብዙ ኮንቴይነር ማስተዳደሪያ) ክላየንትና ሰርቨር ስለሆኑ ይኸው አካሄድ እዚያም ያገለግልሻል።

ሰርተፊኬቱን ከዚያ በኋላ እናወራበታለን። ዛሬ ማታ ግን ለጠያቂዎቹ አጭር ኢሜይል ላኪ፤ አመስግኚ፣ ችግሩን በምን ቅደም ተከተል መፈተሽ እንደነበረብሽ በሦስት በአራት መስመር ጻፊ። ይቅርታ አታብዢበት።