ስፓንየል ለቤተሰብ ይሆናል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ስፓንየል ለማሳደግ የምታስቡ ካላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጆቼም ያደጉት ከኮከር ስፓንየሎች ጋር ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ውሻችሁ ሲታመም ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ።

ጥያቄ፦ ስፓንየል ሲባል አንድ ዓይነት ውሻ ነው? ልጆቼ 5 እና 9 ዓመታቸው ነው፤ የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። የቱ ይሻለናል? (አባት፣ አሌክሳንድሪያ)

አይደለም ወንድሜ፣ ዓይነቱ ብዙ ነው። ቤተሰብ ውስጥ በብዛት የምታየው አራቱን ነው። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ትንሹ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል። አሜሪካን ኮከር ከ9 እስከ 14፣ ኢንግሊሽ ኮከር ከ12 እስከ 15 ኪሎ ይሆናል። ስፕሪንገር ደግሞ 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ካቫሊየር እቅፍ የሚወድ ውሻ ነው። ሌሎቹ ግን የአደን ውሾች ናቸው። ሥራቸው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተው ወፍ ማስነሳት ነበር። ዛሬም ደማቸው ውስጥ አለ። መናፈሻ ውስጥ አፍንጫቸው መሬት ላይ ከተተከለ ስማቸውን ብትጠራ አይሰሙህም።

አፓርታማ በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ ያለመውጣት ነው። ለኮከር በቀን አንድ ሰዓት ያህል እግር ማፍታታት ያስፈልገዋል። ለስፕሪንገር እጥፉን አስብ። ለእናንተ እኔ ብሆን አሜሪካን ኮከር ወይም ለመልክ ውድድርና ለቤት ከተራባው መስመር የሆነ ኢንግሊሽ ኮከር እመርጣለሁ። ለአደን ሥራ የሚራባ ኮከርም አለ፤ መልኩ ሊያታልል ይችላል፣ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። አፓርታማ ውስጥ ሥራ ካጣ ሶፋችሁን ሥራው ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነን፤ አንዳንዴም ድርብ ሺፍት እንገባለን። ቡችላው ብቻውን ይለምዳል? (እህት፣ ሲያትል)

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አሁን አትግዙ።

ስፓንየል ሰው ላይ የሚለጠፍ ውሻ ነው። መታጠቢያ ቤት ድረስ ይከተልሻል። ቀኑን ሙሉ ዘግታችሁበት ስትሄዱ ይጮሃል፣ በር ይቧጭራል፣ ጫማ ይበላል። ጎረቤት ይከሳል። የ2 ወር ቡችላ ደግሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በላይ ሽንቱን መያዝ አይችልም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ሺፍታችሁን አፈራርቃችሁ አንዳችሁ ቤት የምትሆኑ ከሆነ፣ አያት ቤት ካለች፣ ወይም እኩለ ቀን ላይ የሚያወጣው ሰው መክፈል ከቻላችሁ ነገሩ ይለወጣል። ያኔም ቢሆን ቡችላ ሳይሆን ዕድሜው 3 ወይም 4 ዓመት የሆነ፣ ጸባዩ የታወቀ ውሻ ከማደጎ ውሰዱ። በዚህ ጥያቄ ላይ የማልለሳለሰው ሰዎች በሁለት ወራቸው ውሻ ሲመልሱ ስላየሁ ነው። ልጆቹም ውሻውም ይጎዳሉ።

ጥያቄ፦ እኛ የምንበላውን ይበላል? ወጥ ብንሰጠው ምን ችግር አለው? (ከብዙ ሰዎች)

ችግር አለው፣ ትልቅ ችግር። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የታለ? ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። መብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ምልክቱም ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከቀናት በኋላ ድዱ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ይደክማል። በርበሬያችን ውስጥም ሽንኩርቱ አለ።

ቅቤና ጮማ ሌላ ጣጣ ነው። ኮከሮች ለቆሽት ሕመም የተጋለጡ ናቸው፤ የሰባ ምግብ ይቀሰቅሰዋል። የዶሮ አጥንት ከበሰለ በኋላ ስለሚሰነጠቅ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ ዘቢብ የተቀላቀለበት ቆሎ ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ቸኮሌት፣ የቡና አተላ፣ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ እንዲሁ አደገኛ ናቸው። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ሊጥ ነው። የዳቦ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ገብቶ መኩፋቱን ይቀጥላል፣ አልኮልም ያወጣል። ድፎ ሊጋገር ሲል ውሻው ከወጥ ቤት ይውጣ።

ቁራሽ ባዶ እንጀራ ወድቆ ቢያነሳ አትደንግጡ። ወጥ የነካው ከሆነ ምን ያህል እንደበላ አይታችሁ ወደ ሐኪም ደውሉ።

የሚያስቸግረው ፋሲካና ገና ነው። እንግዳው ሁሉ በፍቅር ያጎርሰዋል፤ የስፓንየል ዓይን ደግሞ ልብ ይሰርቃል። እኔ ቤት ለእንግዳ በር ላይ ይነገረዋል፦ ለውሻ ጉርሻ የለም። መስጠት የፈለገ ሰው ካሮት አለ፤ ያለ ጨውና ያለ አጥንት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋም አለ።

ጥያቄ፦ የኮከራችን ጆሮ ይሸታል፣ ራሱንም ያራግፋል። በየጊዜው መድኃኒት እንገዛለን፤ ይድንና ይመለሳል። ምን እናድርግ? (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

ስፓንየል የያዘ ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት ይህን ነው። ጆሮው ረጅምና የተንጠለጠለ ነው፤ ውስጡም ጸጉር አለ። አየር አይገባውም። እርጥበትና ሙቀት ሲገናኙ ባክቴሪያና እርሾ ይራባሉ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጆሮ ታምቡሩ ደህና መሆኑን ይይ። ከተቀደደ አንዳንድ መድኃኒቶች ይጎዱታል። ስለዚህ ያለፈውን ጠርሙስ ከመሳቢያ አውጥታችሁ አትጨምሩበት። ከዚያ ሐኪሙን ይህን ጠይቂው፦ "ለምን ይመለሳል?" ብዙ ጊዜ ከሥሩ አለርጂ አለ፤ የምግብ ወይም የአካባቢ። አለርጂው ካልተያዘ ጆሮው አይድንም። ለዓመታት ችላ የተባለ ጆሮ ቱቦው ይደድርና በቀዶ ጥገና እስከማውጣት ይደርሳል። ለዚህ ቀዶ ጥገና ከሚቀርቡት ውሾች መካከል ኮከሮች ብዙ ናቸው።

ጤነኛ ሲሆን የምትንከባከቡት እንዲህ ነው። ሐኪሙ ባዘዘው የጆሮ ማጠቢያ ቱቦውን ሙሉት፣ ከሥሩ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ውሻው ይራገፍ፣ ከዚያ የወጣውን በጥጥ ጥረጉ። በእንጨት ላይ ያለ ጥጥ ውስጥ አታስገቡ። አልኮል፣ ዘይት፣ ለራሳችን የምናውቀው ጤና አዳምም ቢሆን አይጨመርበትም። ከዋና ወይም ከገላ መታጠብ በኋላ ጆሮውን አድርቁ። በጆሮው ውስጠኛ ገጽ ያለውን ጸጉር ባለሙያ ያሳጥረው። ሲበላ ጆሮው ሳህን ውስጥ እንዳይነከር አፉ ጠበብ ያለ ጥልቅ ሳህን ግዙ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ሥዕለ አድኅኖ ያለበት ቤት ውሻ አይገባም ይላሉ። ውሻውን ለሰው ልስጠው? (ወንድም፣ ዴንቨር)

አትስጠው። እናትህንም አትከራከራቸው። እሳቸው የሚያውቁት ውሻ ግቢ የሚጠብቅ፣ ውጭ የሚያድር ነው። ስፓንየል ውጭ ታስሮ አይኖርም፤ ይህን ግን በንግግር አታስረዳቸውም።

ሥዕሉ ያለበትንና እሳቸው የሚጸልዩበትን ክፍል ለውሻው ዝጋው። በሩ ላይ የሕፃናት መከልከያ አጥር ግጠም፤ ውሻው አንድ ቀንም እንዳያልፍ። ከመምጣታቸው ከሳምንታት በፊት "ቦታህ!" ሲባል ምንጣፉ ላይ እንዲተኛ አስተምረው። ሰው ላይ መዝለሉን አስተወው፤ ነጠላቸው ላይ ጭቃ እግር ካረፈ ነገሩ ይበላሻል። ደግሞ ቀድመህ በስልክ ንገራቸው። በር ላይ ድንገት አያግኙት። ሙስሊም ጎረቤትና እንግዳ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ እንዳይልሳቸው ቀድመህ ያዘው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ሲጠጋው አጥንት ይዞ አጉረመረመበት። ኮከር ነካሽ ነው የሚባለው እውነት ነው? (እናት፣ አትላንታ)

ኮከር በአሜሪካ ከ1936 እስከ 1952፣ ደግሞም በ1980ዎቹ በብዛት የተመዘገበው ውሻ ነበር። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሪቻርድ ኒክሰን በ1952 በቴሌቪዥን ቀርቦ ለልጆቼ የተሰጣቸውን ቼከርስ የሚባል ውሻ አልመልስም ያለው ስለ ኮከር ነው። ሁሉም ሲፈልገው ጸባይና ጤና ሳያዩ የሚያራቡ ሰዎች በዙ። መጥፎ ስሙ በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው። ከጥሩ ወላጅ የተወለደ ኮከር ገር ነው፤ የያዘውን ዕቃ መከላከል ግን ብዙዎቹ ላይ ይታያል።

ስላጉረመረመ አትቅጪው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቁን ከከለከልሽው በቀጥታ መንከስ ይማራል። የያዘውን አትንጠቂው፤ የሚበልጥ ነገር ስጪውና ይለቃል። ሲበላና ሲተኛ ልጁ አይጠጋው። አጥንት የሚሰጠው ከአጥር ጀርባ ይሁን። ጸባዩ የተለወጠው በድንገት ከሆነ ደግሞ ሐኪም ይየው፤ ጆሮው የሚያመው ውሻም ይቆጣል። ትንንሽ ልጅና ውሻን ብቻቸውን መተው የለም፣ የትኛውም ዘር ቢሆን።

ጥያቄ፦ ቡችላ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ፤ ዋጋውም ቅናሽ ነው። መኪና ማቆሚያ ላይ እናስረክብሃለን አሉኝ። (ወንድም፣ ለንደን)

አትሂድ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ደላላ ከ6 ወር በታች ያለ ቡችላ መሸጥ አይችልም። ሕጉ የተሰየመው በሉሲ ነው፤ ከእርባታ ጣቢያ በ2013 የተረፈች ካቫሊየር ነበረች። ቡችላውን ከእናቱ ጋር፣ በተወለደበት ቤት ማየት አለብህ። 8 ሳምንት ሳይሞላው አትውሰድ። ለኮከር የወላጆቹን የዓይንና የኩላሊት የዘረመል ምርመራ ወረቀት ጠይቅ። ለካቫሊየር ከሁሉ በፊት የልብ ምርመራ። የልብ ቫልቭ ሕመም ዘሩን ክፉኛ ይዞታል፤ በ2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት ኖርዌይ ውስጥ ካቫሊየር እንዳይራባ እስከመከልከል ደርሷል። ወረቀት ሲጠየቅ የሚቆጣ ሻጭ ካለ ተወው።

ጥያቄ፦ ጸጉሩ ይረግፋል? ልጄ አለርጂ አለባት።

ይረግፋል። ልጅሽ መጀመሪያ ስፓንየል ያለበት ቤት ሄዳ ደጋግማ ትቀመጥና እዩ። ማበጠር በየሁለት ቀኑ ነው። ብብቱ፣ የጆሮው ሥርና የጣቶቹ መሃል ቶሎ ይቋጠራል። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጸጉር አስተካካይ ጋ ይሄዳል፤ ይህን ወጪ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ።

ጥያቄ፦ ለሦስት ሳምንት ኢትዮጵያ ስንሄድ ይዘነው እንሂድ?

አልመክርም። ኢትዮጵያ አሜሪካ ለእብድ ውሻ በሽታ ከፍተኛ ስጋት አለባቸው ከምትላቸው አገሮች አንዷ ናት። ከነሐሴ 2024 ወዲህ መመለሻው ጠብቋል፦ ማይክሮቺፕ፣ ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜ፣ አሜሪካ ውስጥ መከተቡን የሚያሳይና ከመነሳታችሁ በፊት በመንግሥት የጸደቀ ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱ ሳይኖር ሄዳችሁ እዚያ ብትቀሩስ? ለሦስት ሳምንት የሚያውቀው ሰው ቤት ይቆይ። ለመኖር ጠቅልላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ 14 ዓመቴ ነው። እናቴ "አንቺ ትሰለቺና እኔ ላይ ይቀራል" ትላለች። እንዴት ላሳምናት?

ታናሿ እህቴ፣ እናትሽ እውነቷን ነው። ስፓንየል ከ12 እስከ 14 ዓመት ይኖራል። ኮሌጅ ስትገቢ ገና የዕድሜው አጋማሽ ላይ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ "ለኔ ውሻ" ብለሽ አትጠይቂ፤ "ለቤታችን" ብለሽ ጠይቂ፣ እሷም ፈልጋ እንድትገባበት። እስከዚያው ውሻ ያለው ጎረቤት ፈልጊና ከትምህርት ቤት በፊት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ልውሰደው በይ። ክረምቱን ሙሉ፣ በረዶም ዝናብም ቢሆን። ጸደይ ሲገባ እናትሽን እንደገና አነጋግሪያት።